የዘይነባን ቅቤ ይዤ ባቲ ገበያ

ሰኞ፣ ከጠዋቱ 12 ሰዓት፣ ከሚሴ

ከከሚሴ የተነሣሁት ሃያ አራት የፕላስቲክ ዕቃ ቅቤ በሁለት ካርቶን ይዤ ነው። እያንዳንዱ ግማሽ ኪሎ ይይዛል። ክዳኑ ዙሪያውን በፕላስተር ታሽጓል፤ ጎኑ ላይ ደግሞ አረንጓዴ ስቲከር አለ፦ «የዘይነባ ቅቤ፣ ንጹሕ የጨፋ ቅቤ»። ዘይነባ ጨፋ የምትኖር የአባቴ እኅት ናት፤ እኛ ቤት በኦሮምኛው አዳዳ ነው የምንላት። ቅቤው የእሷና የሦስት ጎረቤቶቿ ነው። ቀለሙን የመረጥኩት፣ ጽሑፉን የጻፍኩትና ኮምቦልቻ ሄጄ ያሳተምኩት ግን እኔ ነኝ።

ምክንያቱን ላስረዳ። እንጀራዬ ኢኮኖሚክስ ማስተማር ነው፤ ልቤ ያለው ግን ማርኬቲንግ ላይ ነው። ልጅ ሳለሁ የሳሙናና የብስኩት መጠቅለያ እየሰበሰብኩ በደብተሬ ገጾች መካከል አስቀምጥ ነበር። ዛሬም ሱቅ ስገባ አንዱ ዕቃ ለምን ከፊት፣ ሌላው ለምን ከኋላ እንደተደረደረ ሳልጠይቅ አልወጣም። ለማርኬቲንግ ሥራ አራት ጊዜ አመልክቼ አራቴም «ልምድ የለህም» ተብያለሁ። ስለዚህ በአጋማሽ ዓመቱ ዕረፍት ልምዱን ራሴ ላመጣው ወሰንኩ። አዳዳ ስትሸኘኝ ስቲከሩን በጣቷ ዳሰስ አድርጋ «ስሜን ለጥፈህበታል፤ አደራ» ብቻ ነው ያለችኝ።

መንገዱ

እስከ ኮምቦልቻ ለሚኒባሱ መቶ ሃምሳ፣ ለካርቶኖቹ ደግሞ ሃምሳ ብር ከፈልኩ። በጨፋ ስናልፍ ማሽላው ታጭዶ አገዳው በየማሳው ተከምሯል፤ ከብቶች ቦርከና ዳር ባለው ሣር ላይ ፈስሰዋል። አጠገቤ የተቀመጡ አንዲት እናት ካርቶኑን አይተው «ምንድን ነው ልጄ?» አሉኝ።

«ቅቤ ነው፣ እማማ።»

«ታሽጎ?» አሉና ዘንቢላቸውን ከእኔ በኩል ወደ መስኮቱ አዞሩት።

ሐርቡን ስናልፍ ፍተሻ ነበር። ፈታሹ አንዱን ዕቃ አውጥቶ ወደ ፀሐይ አቅንቶ አየው፤ ነቀነቀው፤ ስቲከሩን አነበበ፤ ከዚያ ፊቴን አየ።

«ዘይነባ አንተ ነህ?»

መኪናው ሙሉ ሳቀ። ፕላስተሩን ልጦ፣ አሽትቶ መለሰልኝ። ከሃያ አራቱ አንዱ ገና ባቲ ሳይደርስ ተከፈተ።

ከኮምቦልቻ ወደ ባቲ መንገዱ እየተጠማዘዘ ይወርዳል። አየሩ እየሞቀ፣ የግመሉ ቁጥር እየበዛ ሄደ። ካርቶኑን በእርጥብ ጆንያ ሸፍኜው ነበር፤ ያም ሆኖ ስንደርስ ቅቤው በየዕቃው ውስጥ መላወስ ጀምሯል።

ረፋድ 4 ሰዓት፣ የቅቤ ተራ

በቅቤ ተራ ከእኔ በቀር ወንድ ሻጭ አላየሁም። ቦታ ለቃ ያስቀመጠችኝ ከድጃ የምትባል ሴት ናት፤ ቅቤዋን በቅል አድርጋ፣ አፉን በቅጠል ሸፍናዋለች።

«አካም ቡልቴ?» ብላ በኦሮምኛ እንዴት አደርክ አለችኝና «ሚስትህ ታማ ነው?» ስትል ጠየቀችኝ።

«አላገባሁም፤ መምህር ነኝ።»

«ኧረ በአላህ! ታዲያ ቅቤ ምን ያስይዝሃል?»

ቅቤ እንዴት እንደሚገዛ ላልሸመተ ሰው ልንገር። ገዢዋ ላዩን አታምንም። በትንሿ ጣቷ ጥፍር ከሥር ትቆፍራለች፣ ታሸታለች፣ ምላሷ ላይ ታደርጋለች፣ የቀረውን መዳፏ ላይ አሽታ ታየዋለች። ይህን ሳታደርግ ዋጋ አትጠይቅም። የኔ ቅቤ ግን በፕላስተር ታስሯል።

«ክፈተው» አለችኝ የመጀመሪያዋ።

«ከተከፈተ እኮ የማሸጉ ትርጉም ይጠፋል» አልኳት፣ ክፍል ውስጥ እንዳለሁ ሁሉ። «መታሸጉ ንጹሕ መሆኑን ያሳያል።»

«ምን ደብቀህ ነው?»

ሌላዋ ቆም ብላ አየችኝና ለጓደኛዋ «ወንድ ልጅ ቅቤ ከያዘ ሙዝ አለበት» ብላት አለፈች። ሙዝ ከቅቤ ጋር የሚቀላቅል ሻጭ እንዳለ በገበያ የሚወራውን ማለቷ ነው። ከድጃ ሆዷን ይዛ ሳቀች። በሁለት ሰዓት ውስጥ የሸጥኩት አንድ ብቻ ነው፤ እሱም ፈታሹ የከፈተው።

ቀትር ላይ

ስድስት ሰዓት ገደማ ነጭ ሸሚዝ የለበሰ ሰው መጣ። ዋጋ አልጠየቀም። አንዱን ዕቃ አንሥቶ አገላበጠ፤ የስቲከሩን ጠርዝ በጥፍሩ ሞከረ፤ በስልኩ ፎቶ አነሣው።

«ይሄን ማን ሠራው?»

«እኔ።»

«ማርኬቲንግ ማለት ይሄ ነው!» አለ ድምፁን ከፍ አድርጎ።

ደስታዬን አልደብቅም። ይህን ቃል ከሰው አፍ ስጠብቀው የኖርኩት ነው። ስሙን ብጠይቀው «ነጋዴ በለኝ» አለና ምሳ ልጋብዝህ አለኝ። ከድጃ እቃዬን እንድትጠብቅልኝ ስነግራት ድምፅዋን ዝቅ አደረገች።

«መምህር፣ ቅቤ የማይቀምስ ቅቤ ገዢ አይቼ አላውቅም።»

እኔም ይህ ነገር ከንክኖኛል። ሩዝ በፍየል ሥጋ ስንበላ ስለ ላሞቹ፣ ስለ ግጦሹ፣ ቅቤው የስንት ቀን እንደሆነ ይጠይቀኛል ብዬ ጠበቅሁ። የጠየቀኝ ስለ ማተሚያ ቤቱና ስቲከሩ ውኃ ሲነካው ይለቅ እንደሆነ ብቻ ነው። ከምሳ በኋላ ከገበያው ጀርባ ወዳለ መጋዘን ወሰደኝ።

አምስት ባልዲ ተደርድሯል። «ቅቤ እኔ ጋ ሞልቷል» አለ። «የጎደለኝ ያንተ ወረቀት ነው። አሳትምልኝ፣ አሽግልኝ። ደሞዝህን እጥፍ አደርገዋለሁ። የማርኬቲንግ ኃላፊ ትባላለህ።»

የማርኬቲንግ ኃላፊ! ሆኖም ዓይኔ ባልዲው ላይ ቀረ። በዚያ ሙቀት የእኛ ቅቤ ዘይት ሊሆን ምንም አልቀረውም፤ የሱ እንደ ሳሙና ቀጥ ብሎ ቆሟል። ቆንጥሬ መዳፌ ላይ አደረግሁ። አልቀለጠም። ቀመስኩት፤ እንደ ሻማ ላንቃዬ ላይ ተለጠፈ።

«ይሄ ቅቤ አይደለም።»

«ግማሹ ነው» አለ ሳይደነግጥ። «ሌላውን ግማሽ በወረቀትህ ትሞላዋለህ።»

አንዲት አራስ «ዘይነባ» የሚለውን ስም አይታና በእሱ ተማምና ይህን ስትበላ ታየኝ።

«ስቲከሩ የሰው ስም ነው፤ አልሰጥህም። ያነሣኸውንም ፎቶ አጥፋው።»

«ማተሚያ ቤት የምታውቀው አንተ ብቻ ነህ?» አለና ስልኩን ኪሱ ከተተ።

ከቀትር በኋላ

ወደ ቅቤ ተራ የተመለስኩት በሩጫ ነው ማለት ይቻላል። የሆነውን ለከድጃ ነገርኳት። ከዚያ ተቀምጬ የሃያ ሦስቱንም ስቲከር ላጥኩ፤ ፕላስተሩን ሁሉ ፈታሁ፤ ክዳኖቹን ከፍቼ ደረደርኩ። አንዱን ስቲከር ለሻጮቹ እያሳየሁ «በዚህ ወረቀት የታሸገ ቅቤ ካያችሁ የእኛ አይደለም» አልኳቸው። ራሴ ያሳተምኩትን ነገር አትመኑ እያልኩ ለመንኩ።

«አብሽር» አለች ከድጃ። «ወሬው ከኔ አያልፍም ብለህ ነው?» ተነሥታም በኦሮምኛና በአማርኛ ጮኸች፦ «ኮታ! ኑ ቅመሱ! የመምህሩ ቅቤ ሙዝ የለበትም፤ ወንድነቱን ብቻ ይቅር በሉት!»

ሴቶቹ እየሳቁ መጡ። ቆፈሩት፣ አሸቱት፣ መዳፋቸው ላይ አቀለጡት። ያቺ ስለ ሙዝ የተናገረችው ተመልሳ ቀምሳ ሁለት ወሰደች። አምስት መቶ ያሰብኩትን በአራት መቶ ሠላሳ ብሸጥም እስከ ዘጠኝ ሰዓት አሥራ ሰባት ተሸጠ። ስድስቱን ይዤ ተሳፈርኩ። እስከ ኮምቦልቻ ድረስ ነጭ ሸሚዝ ባየሁ ቁጥር ዞሬ አየሁ።

ማምሻውን፣ ጨፋ

ፀሐይ ስትጠልቅ አዳዳ ደጅ ደረስኩ። ሁሉንም ነገርኳት፤ ስሟ በማናውቀው ሰው ስልክ ውስጥ እንዳለም አልሸሸግኳትም። ትቆጣለች ብዬ ነበር። እሷ ግን የተረፉትን ዕቃዎች አንድ በአንድ አሸተተች።

ከዚህ ጉዞ የተማርኩትን ለተማሪዎቼ እነግራቸዋለሁ። ማርኬቲንግ እንዲያምኑን ማድረግ ነው ብዬ አስተምር ነበር። አሁን ገዢው እንዲጠራጠርና እንዲፈትሽ በሩን መክፈትም እንደሆነ እጨምራለሁ። ፍቅሬ አልቀነሰም፤ ሌሊቱን የምዘልቀው ክዳኑ የሚከፈት፣ ስሙ ግን የማይሰረቅ ዕቃ እያሰላሰልኩ እንደሆነ አውቀዋለሁ።

ያን ምሽት ግን ያስጨነቀኝ ሌላ ነበር። «የሚመጣው ሰኞ ትምህርት ይከፈታል» አልኳት። «የባቲ ገበያም ሰኞ ነው፤ ማን ይሸጠዋል?»

«ቅቤው የማን ነው?» አለች። «እኔው እሄዳለኋ። ዘይነባ የቷ ናት ያለ መጥቶ ይየኝ።»

«ሰውዬው ቢመጣስ?»

«ይምጣ» አለች አዳዳ። «አቀምሰዋለሁ።»