የካዛንቺሱ ቤታችን ቁልፍ

ካዛንቺስ የነበረው ቤታችን በልማት ሲፈርስ በርና መስኮቱን ለአሮጌ ዕቃ ነጋዴ ሸጥነው። የበሩን ቁልፍ ግን መጣል አልሆነልኝም፤ ይኸው ከመኪናዬ ቁልፍ ጋር ይዣት እዞራለሁ።

ባለፈው ከባለቤቴ ጋር አንድ ብሔራዊ ፓርክ ልንጎበኝ ሄደን እዚያው ሎጅ ያዝን። አስተናጋጇ ክፍላችን በር ላይ ስትደርስ ለካ ቁልፉን ረስታዋለች።

"ጋሼ፣ አንዴ ይጠብቁኝ። ዝንጀሮዎቹን ብቻ ከሻንጣው ያርቁልኝ" ብላ ተመለሰች።

ዝንጀሮዎቹ ቀስ እያሉ ተጠጉን።

"እስቲ ያቺን የካዛንቺስ ቁልፍህን ሞክራት፤ በቃ አንድ ቀን እንኳን ትጥቀመን" አለች ባለቤቴ እየሳቀችብኝ። እልህ ይዞኝ ከተትኳት።

ዞረች። በሩ ተከፈተ።

ባለቤቴ ሳቋን አቁማ ወደ ታች አየች፤ እኔም አየሁ። ከበሩ ግርጌ፣ አዲስ ቀለም ተቀብቶ፣ አባቴ የአይጥ ቀዳዳ የደፈነበት ቆርቆሮ እንደተመታ አለ።