በአራት የሚካፈል ትንፋሽ

ሲስተር ዋፊቃ አዳማ ውስጥ በአንድ የነርስ ኮሌጅ የሕፃናት ክብካቤ ማስተማር ከጀመረች አሥራ ስድስት ዓመቷ ነው። ከከተማው ጤና ጣቢያዎች ወደየትኛውም ብትገባ «መምህሬ» ብሎ ከወንበሩ የሚነሳላት አይጠፋም። ይህ ለረጅም ጊዜ በቅቷት ኖሯል፤ ጉዲቱ እስክትመለስ ድረስ።

ጉዲቱ የሁሩታ ልጅ ናት። ተማሪ ሳሉ አንድ ዶርም ውስጥ ከላይና ከታች ነበር የሚተኙት። የመድኃኒት ስሌት አልገባ ሲላት ዋፊቃ ጎኗ ተቀምጣ እየደጋገመች ታስረዳታለች፤ ፈተና ሲደርስም የምታጠናው ከዋፊቃ ደብተር ነው። ከተመረቁ በኋላ ውጭ አገር ሁለተኛ ዲግሪ የመማር ዕድል መጀመሪያ የደረሰው ለዋፊቃ ነበር። የመጀመሪያ ልጇን አርግዛ ስለነበር ይለፈኝ አለች፤ ተራው ለጉዲቱ ሆነ። ጉዲቱ በዚያው ዘለቀችና ከዘጠኝ ዓመት በኋላ ዶክተር ሆና፣ የሕፃናትን ጤናና የነርሶችን ትምህርት የምታጠና ተመራማሪ ተብላ ዋፊቃ ወደምታስተምርበት ኮሌጅ መጣች።

በመጣች በሳምንቱ ዲኑ ዋፊቃን ቢሮው ጠርቶ የጉዲቱን ጥናት መስክ ላይ እንድታስተባብር መደባት። ጥናቱ የነርስ ተማሪዎች የአምስት ቀን ሥልጠና ቢያገኙ የሳንባ ምች የያዘውን ሕፃን ጉንፋን ከያዘው መለየት ይችሉ እንደሆነ የሚፈትሽ ነው። ተማሪዎቹ ሕፃኑ በደቂቃ ስንት ጊዜ እንደሚተነፍስ ቆጥረው ቅጽ ላይ ይሞላሉ፤ ዋፊቃ ደግሞ ቅጾቹን አይታ ትፈርማለች። «እሺ» ብላ ወጣች።

ከዚያ ወዲህ ስለ ጉዲቱ የማያናድዳት ነገር ጠፋ። ተማሪዎቹ «ዶክተር» ሲሏት ይከነክናታል። ጉዲቱ እንደ ድሮው «ዋፊ» ብላ ስታቅፋት ደግሞ ሰው መሃል የናቀቻት ይመስላታል። ባሏ አብዱልመናን የአሰላ መስመር ሚኒባስ ነጂ ነው፤ አንድ ቀን ጉዲቱን በሬዲዮ እንደሰማት፣ ስለ ሕፃናት የሳንባ ምች ስታስረዳ ተሳፋሪው ሁሉ ጸጥ ብሎ እንዳዳመጣት እያደነቀ አወራላት። ዋፊቃ የዚያን ቀን እራት አልበላችም። የተናገረችው እኮ እኔ ያስጠናኋትን ነው ልትለው ፈልጋ አፏ ላይ ቀረ።

ሥራው የተጀመረው ከቡልቡላ ወዲህ ባለች አንዲት ትንሽ ጤና ጣቢያ ነው። በሁለተኛው ቀን፣ ማክሰኞ፣ ዋፊቃ ቅጾቹን ስታገላብጥ ዓይኗ ቁጥሮቹ ላይ ቀረ። አርባ፣ አርባ አራት፣ ሠላሳ ስድስት፣ አርባ ስምንት፣ ሃምሳ ሁለት። ሁሉም ለአራት ይካፈላሉ። ወዲያው ገባት፤ ተማሪዎቹ ደቂቃውን ሙሉ በመቁጠር ፋንታ አሥራ አምስት ሰከንድ ብቻ ቆጥረው በአራት እያባዙ ነው። ሕፃን ደግሞ ትንፋሹ አንዴ ይፈጥናል፣ አንዴ ይዘገያል፤ ሙሉ ደቂቃ ካልቆጠሩለት አይታመንም። ይህን ሳታስተምር ያለፈችበት ዓመት የለም።

ያኔውኑ ለጉዲቱ መደወል ነበረባት። ዶክተሯ ራሷ ትድረስበት፣ አለች በልቧ፤ ያን ሁሉ ዓመት ምን ስትማር ነበር? ትልቅ አዳራሽ ውስጥ አንድ ሰው ተነስቶ ስለነዚህ ቁጥሮች ሲጠይቃት፣ ጉዲቱም መልስ ሲጠፋት ታያት። ደስ አላት። ፈረመች። ረቡዕም ሐሙስም ዓርብም ፈረመች።

በቀጣዩ ሰኞ ኤቢሴ የምትባል እናት የሰባት ወር ልጇን ይዛ መጣች። ጂጂ የተባለችው ተማሪ ቆጥራ አርባ ስምንት ጻፈች። በዚህ ዕድሜ ከሃምሳ በታች ከሆነ የሳንባ ምች ስለማይባል፣ ጉንፋን ነው፣ ጡት ደጋግመሽ ስጪው ብላ ሸኘቻት። ዋፊቃ በሩ ጋ ቆማለች። ኤቢሴ ልጁን ልታዝል ስታነሳው ልብሱ ተገለበ፤ በተነፈሰ ቁጥር ከጎድኑ ሥር ስርጉድ ይላል። ዋፊቃ በኦሮምኛ እንድትቀመጥ ነገረቻትና ሰዓቷን እያየች ደቂቃውን ሙሉ ቆጠረች። ስልሳ ሦስት። ኤቢሴን ስትጠይቃት ልጁ ከጠዋት ጀምሮ ጡት እንቢ ማለቱን ነገረቻት። ልጁ የመጀመሪያውን የመድኃኒት መርፌ ተወግቶ በአምቡላንስ ወደ ሆስፒታል ተላከ።

አምቡላንሱ ከግቢው ሲወጣ ዋፊቃ በእሷ ፊርማ ወደ ቤታቸው የተመለሱትን ሌሎቹን ሕፃናት አሰበች። ስልኳን አውጥታ ደወለች። ጉዲቱ ከአዳማ ከሰዓት ደረሰች፤ ቅጾቹን አንድ በአንድ ካየች በኋላ መነጽሯን አወለቀች።

«መቼ ነው ያወቅሽው?»

«ባለፈው ማክሰኞ።»

«ታዲያ ለምን ዝም አልሽኝ?»

ዋፊቃ መንገዱ ስለራቀ፣ ቅጹ ስለበዛ የሚል ሰበብ አሰናድታ ነበር። ከአፏ የወጣው ግን ሌላ ሆነ። «ቀንቼብሽ ነው» አለች።

ጉዲቱ ቅጾቹን ወደ እሷ ገፋች። «በእኔ ቅኚ» አለቻት፤ «ልጆቹ ምን አደረጉሽ?»

ሦስት ቀን ሙሉ ስልክ ላላቸው እየደወሉ፣ የሌላቸውን በጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች እያፈላለጉ ሕፃናቱን መልሰው አዩ። ሁለቱ የሳንባ ምች ተገኘባቸው፤ መድኃኒት ተሰጥቷቸው ዳኑ። የኤቢሴ ልጅም በስድስተኛው ቀን ተሽሎት ከሆስፒታል ወጣ። ጉዲቱ የሆነውን ሳትደብቅ ለኮሌጁ አሳወቀች። ዲኑ ለዋፊቃ የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ሰጣት፤ የሳምንቱ ቅጽ በሙሉ ተጣለ።

ዋፊቃ ሌላ ሰው ይተካብኛል ብላ ስትጠብቅ ማንም አልተተካም። ሁለቱ ሴቶች ለሁለት ሳምንት ከሥራ ሌላ ቃል አልተለዋወጡም። በሦስተኛው ጉዲቱ መጥታ የእሷ ሥልጠና ተማሪዎቹን መቁጠር እንዳላስተማራቸው፣ ይህንን ክፍል ዋፊቃ እንድትይዘው ነገረቻት። ዋፊቃም እያንዳንዱን ተማሪ ከተኛ ሕፃን አጠገብ እያስቀመጠች፣ የተማሪው ቁጥር ከእሷው እስኪገጥም ድረስ አብራው እየቆጠረች አስተማረች። ጂጂ ሰባት ጊዜ ደጋገመች።

ጥናቱ በዓመቱ ታትሞ ወጣ። ከጉዲቱ ስም ቀጥሎ የዋፊቃ ስም አለ። ጽሑፉን ቤት ወስዳ ለአብዱልመናን አሳየችው። ስሟን በጣቱ እየነካ፣ ያን ሁሉ ለፍታ ለምን መጀመሪያ እንዳልተጻፈች ጠየቃት።

«ጥናቱ የእሷ ነዋ!» ብላ ተቆጣችው። እሷም ግን ከጠዋት ጀምሮ ራሷን የምትጠይቀው ይህንኑ ነበር።