ውኃ እዚህ ይመጣል

ይህ ነገር ተጽፎ መነበብ የሚገባው ስለመሆኑ እርግጠኛ አይደለሁም። የሞተ ሰው የለም። በዜና አልተነገረም። በባሮ ዳር በየክረምቱ ከሚፈርሱት የጭቃ ቤቶች አንዱ ፈረሰ፣ በቃ። ጥፋቱ ደግሞ የእኔ ስለሆነ፣ ስጽፈው ራሴን ለማቅለል የምፈልግ ይመስለኛል፤ ሦስት ጊዜ ጀምሬ የተውኩትም ለዚህ ነው። ግን ኅብረታችን ውስጥ ያንን ጉዞ ሰው ሁሉ የሚያውቀው በፎቶው ነው። ፎቶው ላይ ቤቱ ቆሟል፣ እኛም አጠገቡ ቆመን እንስቃለን። ከፎቶው በኋላ የሆነውን የጻፈ ስለሌለ እኔ ልጻፈው።

ጋምቤላ ከተማ ውስጥ የዩኒቨርሲቲ የመጀመሪያ ዓመት ተማሪ ነኝ። የተወለድኩት መቲ ነው። መቲና ጋምቤላ ከተማ ካርታ ላይ አንድ ክልል ናቸው፤ ነገር ግን መቲ ከፍታ ላይ ነው፣ ጫካና ቡና ነው፣ ጠዋት ጠዋት ሰው ሹራብ ይለብሳል። ጋምቤላ ግን በየካቲት ከሙቀቱ የተነሣ ከመኝታ ክፍል እስከ ቧንቧ መሄድ ራሱ ሥራ ነው። የአንዱን ልጅ ስለ ሌላው መጠየቅ ትርፉ ስህተት ነው። ይህን አውቅ ነበር፤ አልተናገርኩም።

በሴሚስተር ዕረፍት ከጊቢያችን የክርስቲያን ተማሪዎች ኅብረት ሰባት ሆነን ወደ ኢታንግ በሚወስደው መንገድ ወደምትገኝ አንዲት መንደር ሄድን። ለአንዲት አሮጊት ቤት ልንሠራ ነው። እማማ እንላቸው ነበር። ባላቸው ከሞቱ በኋላ የሚኖሩት በወንድማቸው ልጅ ጎጆ ውስጥ ነው፤ እሱ ደግሞ ከፋሲካ በኋላ ሊያገባ ነው፣ ጎጆውም የሙሽሮቹ ነው። ከዚያ በፊት የራሳቸው ቤት ካልቆመ ክረምቱን የሚያሳልፉበት ጣሪያ የላቸውም።

የመንደሩ ቤተ ክርስቲያን ሽማግሌ ሁለት ቦታ አሳዩን። አንዱ ከመንገዱ አጠገብ ያለ፣ አፈሩ ለዶማ የማያስቸግር ለጥ ያለ ሜዳ ነው። ሌላው ከመንደሩ በላይ፣ ኩይሳ የበዛበት፣ እንደ ሲሚንቶ የደረቀ ጉብታ ነው። «እሳቸው ያውቃሉ፤ ጠይቋቸውና በመረጡት ላይ ጀምሩ» አሉንና ለስብሰባ ወደ ከተማ ሄዱ።

መሪያችን የሦስተኛ ዓመት የሲቪል ምህንድስና ተማሪ ነው። ትሑትና ታታሪ ሰው ነው፤ እንዲያመሰግነኝ በጣም እፈልግ ነበር።

«እህቴ፣ አንቺ የዚሁ ክልል ልጅ ነሽ አይደል? ቋንቋቸውን ትሰሚያለሽ?» አለኝ።

«ትንሽ ትንሽ» አልኩ። የማውቀው ሰላምታ ብቻ ነበር።

«እግዚአብሔር ይመስገን! አስተርጓሚ ተሰጠን!»

ከዚያ ሰዓት ጀምሮ አንድ ቀልደኛ የኤሌክትሪካል ተማሪ «ፍሬሽ አስተርጓሚ» ይለኝ ጀመር።

እማማን ሜዳው ላይ አገኘኋቸው። ሰላም ካልኳቸው በኋላ የማወራው ስላለቀብኝ ወደ አማርኛ ተሻገርኩ። አማርኛቸው አጭር ነው፤ ሴቱንም ወንዱንም «አንተ» ይላሉ። «እማማ፣ ቤቱን እዚህ እንሥራው?» አልኳቸው። ሜዳውን ዞር ብለው አዩት።

«ውኃ እዚህ ይመጣል» አሉ።

እጃቸውን ጭናቸው ላይ፣ ከጉልበታቸው ከፍ አድርገው ለኩልኝ። ጊቢያችን ውስጥ «ውኃ መጣ!» ከተባለ ሁሉም ባልዲውን ይዞ የሚሮጥበት የምሥራች ነው። እጃቸው የሚለካው የበርሜል ቁመት መሰለኝ። መቲ ላይ ደግሞ ውኃ ወደ ታች ይሄዳል እንጂ ወደ ሰው ቤት አይመጣም። ቢሆንም ቧንቧም ጉድጓድም ስላላየሁ ጠየቅኩ።

«ማን ነው የሚያመጣው?»

በመገረም አዩኝ። «እግዚአብሔር ነዋ! ሌላ ማን ያመጣል?»

እየሮጥኩ ተመለስኩ። «ውኃ ይመጣል አሉ! እግዚአብሔር ያመጣዋል አሉ!»

«አሜን!» አሉ ሁሉም በአንድ ድምፅ።

በማግስቱ የጠዋት ጸሎት ላይ መሪያችን ያካፈለን ይህንኑ ነበር። ቧንቧ በሌለበት ሜዳ ላይ ቆመው ውኃ ይመጣል ስለሚሉ እናት እምነት ተናገረ። የኛ እምነት የት ነው ብሎ ጠየቀን። ያለቀሱ ነበሩ። እኔም አለቀስኩ፤ ቃሉን ያመጣሁት እኔ ስለሆንኩ ደስታውም አስለቀሰኝ።

ስለ ሥራው ስናገር መዋሸት አልፈልግም፤ በሕይወቴ እንደዚያ ደስ ብሎኝ አያውቅም። ሁለት ሁለት ሆነን ጉድጓድ ቆፈርን። ቋሚዎቹን አቆምን፤ በየቋሚው ሥር ድንጋይ እየሞላን በዘንግ ደቀደቅን። መሪያችን «ዝሆን ቢገፋው የማይነቃነቅ ይሁን» ይል ነበር። ማገሩን ስንመታ አንዱ ይይዛል፣ አንዱ ሚስማር ያቀብላል። ጭቃውን ከሣር ጋር በእግራችን እያቦካን እንዘምር ነበር። እኔ ዳር ዳሩን ስረግጥ ቀልደኛው «ፍሬሽ! ጭቃውን አቡኪው እንጂ አትባርኪው!» ብሎ ሁላችንንም በሳቅ ገደለን። መዳፌ ተላጠ፣ ግድ አልሰጠኝም። ዩኒቨርሲቲ ከገባሁ ጀምሮ ለማንም አስፈልጌ አላውቅም ነበር።

በአራተኛው ቀን ጠዋት ገና ካልተከልናቸው ቋሚዎች አራቱ ጠፉ።

«ማዘር እንጨታችንን ወሰዱብን! ኧረ ሽማግሌ ላኩባቸው!» አለ ቀልደኛው።

የተላክሁት እኔ ነኝ። እማማን ያገኘኋቸው ከላይ፣ ኩይሳዎቹ መካከል ነው። አራቱም እንጨቶች መሬት ላይ ተጋድመዋል። ያን ሁሉ ዳገት አንድ በአንድ ተሸክመዋቸው ወጥተዋል። በዶማ መሬቱ ላይ ክብ ጭረት ጭረዋል፤ ላባቸው በአገጫቸው ይንጠባጠባል።

«ቤት እዚህ» አሉኝ።

«እማማ፣ እኛ እኮ እዚያ ጀምረናል።»

«እዚያ ውኃ። ቤት እዚህ።»

ያን ጊዜ ገባኝ። ሁሉም አልገባኝ ይሆናል፤ ባሮ ምን ያህል እንደሚሰፋ አላውቅም ነበር። ግን ለጓደኞቼ ይዤ የሮጥኩት ቃል የተገላቢጦሽ መሆኑ ገባኝ። ወደ ታች አየሁ። ስድስቱም እየዘመሩ ይሠራሉ። የቀረን ስድስት ቀን ነው። ጉብታው በዶማ የማይበገር ነው። «ቋንቋቸውን አልሰማም፤ ዋሽቻችኋለሁ፤ ያለቀሳችሁበት ቃል ስለ ጎርፍ ነው» ብዬ ስናገር የመሪያችንን ፊት በዓይነ ኅሊናዬ አየሁት።

«እሺ እማማ፣ እነግራቸዋለሁ» አልኩ።

ወርጄም «ለማገዶ ፈልገዋቸው ነው» አልኩ።

ሳቁ። ጓደኞቼ ደረቅ ጭራሮ ለቅመው ወሰዱላቸውና ቋሚዎቹን ተሸክመው ወረዱ። እማማ ከኋላቸው መጡ። እኔን ብቻ አዩኝ። እኔ ጎንበስ ብዬ ሚስማር እመታ ነበር። ከዚያ ቀን በኋላ መስኮቱ በዚህ ይሁን ስንላቸው፣ በሩ በዚያ ይሁን ስንላቸው፣ መልሳቸው «እሺ» ብቻ ሆነ።

ሽማግሌው ከከተማ ሲመለሱ ጣሪያው ቆርቆሮ ለብሷል። ሜዳውን አዩና «እሳቸው ናቸው የመረጡት?» አሉ። ሁሉም ወደ እኔ ዞረ።

«አዎ» አልኩ።

በመጨረሻው ቀን ጸሎት ተደረገ፣ ቁልፉ ተሰጠ፣ ፎቶ ተነሣን። ፎቶው ላይ መካከላችን የቆሙት እማማ ብቻ አይስቁም። ኅብረት ውስጥ ሰዎች ይህን ሲያዩ «በደስታ ደንግጠው ነው» ይላሉ።

ነሐሴ መጣ። ጋምቤላ ከተማ ፀሐይ ቢሆን እንኳ ደጋው ላይ ከዘነበ ባሮ ይሞላል። ሽማግሌው ለመሪያችን ደወሉለት፤ እሱም ቴሌግራም ግሩፓችን ላይ «ወገኖች፣ የእማማ ቤት ውኃ ገብቶበታል፤ በጸሎት እናስብ» ብሎ ጻፈ። ከሥሩ የጸሎት ኢሞጂ፣ የተጣመሩ እጆች፣ ተደረደሩ። እኔም አንድ ጥንድ እጅ ላክሁ። ከዚያ ሄጄ ሁሉንም ነገርኩት። ላይብረሪው በር ላይ ቆመን ነበር።

«ለሌላ ሰው ነግረሻል?» አለኝ።

«አልነገርኩም።»

«አሁን ይህን ማውራት ማንን ይጠቅማል እህቴ? ወገኖችን ማሰናከል ነው። እግዚአብሔር ሁሉን ለበጎ ያደርጋል።»

«እሺ» አልኩ።

ውኃው ሲጎድል፣ በመስከረም መጀመሪያ፣ ብቻዬን ሄድኩ። ግድግዳው እስከ መስኮቱ ድረስ ሟሙቶ ወርዷል። ቋሚዎቹና ቆርቆሮው ግን እንደ ቆሙ ናቸው፤ በሩም እንደ ተቆለፈ ነው። እማማ ሌላ ማስቀመጫ ስለሌላቸው፣ ቤቱም ቁልፍ ስላለው፣ የዓመት በቆሏቸውን እዚያ አስገብተው ነበር። ጠቁሮ፣ ሸትቶ፣ ከጭቃው ጋር አንድ ሆኗል።

እሳቸውን ያገኘኋቸው ቤት ከፈረሰባቸው ሌሎች ሰዎች ጋር በቤተ ክርስቲያኑ አዳራሽ ውስጥ ነው። እግራቸው ሥር ተቀመጥኩ።

«እማማ፣ ያን ቀን ገብቶኝ ነበር። አልነገርኳቸውም። ዋሸሁ።»

«እኔ ነገርኩ» አሉ።

«አዎ፣ ነገሩኝ።»

«ሁለት ጊዜ ነገርኩ።»

ይቅር አላሉኝም፣ አልረገሙኝምም። «እንጨቱን አውጣ» ብቻ አሉኝ። ነገሩን ያስረዱኝ ሽማግሌው ናቸው። ቋሚዎቹ ተነቅለው ጉብታው ላይ ከደረሱ ጎጆውን የወንድማቸው ልጅ ያቆምላቸዋል፤ አዲስ እንጨት ግን አሁን ከየትም አይገኝም። ካልሆነ አቦቦ ወዳለች እህታቸው ይሄዳሉ፤ በዚያ ዕድሜ ከሄዱ ደግሞ አይመለሱም። የመንደሩ ወንዶች ሁሉ የየራሳቸውን ቤት ከጭቃ እያወጡ ነው።

አካፋ ተውሼ ወረድኩ። ከጠዋት እስከ ቀትር አንዱን ቋሚ ብቻ ዙሪያውን ቆፈርኩ። ከላይ ጭቃ ነው፤ ከሥር ግን የደቀደቅነው ድንጋይ አለ። አቀፍኩትና ነቀነቅኩት፣ ትከሻዬን ሰጥቼ ገፋሁት። ምንም። ሰባት ሆነን የተከልነውን አንድ ሰው አይነቅለውም። ጸለይኩ ደግሞ፤ እንጨቱን እንደ ያዝኩ፣ ጮክ ብዬ። እንጨቱ አልተነቃነቀም፤ በውስጤም የተነቃነቀ ነገር አልነበረም።

ከዚያው ሆኜ ግሩፑ ላይ ጻፍኩ፦ «ቅዳሜ ስድስት ሰው ከመጣ የእማማን ቋሚዎች ነቅለን ወደ ላይ እናወጣቸዋለን። እባካችሁ።» የተጣመሩ እጆች መጡ። ቀልደኛው «ፍሬሽ፣ ፈተና ነው እኮ» አለ። መሪያችን «እግዚአብሔር መንገዱን ያዘጋጃል» ብሎ ጻፈ። ቅዳሜ ሄድኩ፤ እማማ አዳራሹ በር ላይ ተቀምጠው መንገዱን ያዩ ነበር። ብቻዬን መሆኔን ሲያዩ ወደ ውስጥ ገቡ። የሚቀጥለው ቅዳሜም እንደዚያው ሆነ።

አሁንም ኅብረት እሄዳለሁ። ሁሉም «አሜን» ሲል አፌ ዘግይቶ ይከፈታል፤ አንዳንዴም አይከፈትም። ቋሚዎቹ እዚያው ናቸው፤ ከመንገዱ ይታያሉ። ወደ አቦቦ የሚሄድ አይሱዙ ተገኘና እማማ አንድ ጆንያና አንድ ድስት ይዘው ከኋላው ተሳፈሩ፤ መስከረም 22 ቀን ነበር።