ሳይክሌን የገፋሁበት ዳገት

ሳይክል የለመድሁት ተማሪ ሳለሁ ባሕር ዳር ሜዳ ላይ ነው። ቡሬ በአስተማሪነት ስመደብም ባለ ማርሽ ሳይክሌን ይዤ ሄድሁ። ከከተማው ወጣ ሲሉ ጥድና ወይራ በሞላበት ጫካ መሐል ቀስ እያለ የሚወጣ መንገድ አለ። ሁለት ቅዳሜ ሞክሬ መሐል ላይ እግሬ መሬት ነክቷል። በሦስተኛው ግን ከግማሽ በላይ አልፌ፣ ዛሬስ ሳልወርድ ጫፍ እደርሳለሁ ስል፣ አንድ ሽማግሌ ድንጋይ ላይ አረፍ ብለው አየሁ። ሽማግሌን ሳይክል ላይ ሆኖ ሰላም ማለት አልሆንልሽ አለኝ። ወርጄ እጅ ነሣሁ።

"የጤና ኤክስቴንሽኗ ነሽ?"

"አይ አባባ፣ አስተማሪ ነኝ።"

"ሳይክልሽ ዳገቱን አይታ ለገመች አይደል?"

ለእርስዎ ክብር ብዬ ነው የወረድሁት ማለት አሳፈረኝና "አዎ" አልሁ።

ከዘራቸውን ይዘው ተነሡና አብረውኝ መውጣት ጀመሩ።

"በቅሎ ብትሆን በአለንጋ ትመከር ነበር" አሉ ሳይክሌን በጎን እያዩ።

ጥያቸው እንዳልሄድ አፈርሁ። ይቅደሙኝ ብዬ የጫማዬን ክር ለማሰር ጎንበስ ብል፣ ቆመው ጠበቁኝ። እንዲህ እየገፋሁ ጫፍ ደረስን።

"በይ ልጄ፣ ከዚህ ወዲያ ሜዳ ነው" አሉ ላባቸውን እየጠረጉ። "እኔም ገበያው ሳይበተን ልመለስ።"

"የት ገበያ?"

"ቡሬ ነዋ! እየወረድሁ ነበር እኮ። ታዲያ ልክ እኔ ዘንድ ስትደርሽ ሳይክልሽ እምቢ ብላሽ፣ ብቻሽን ስትገፊ ትቼሽ ልሂድ?"