የቨርን ሃስኪንስ የረጠበ ጣት

ቨርን ሃስኪንስ በኔብራስካ አንዲት ትንሽ ኮሌጅ ሦስት ዓመት የአሜሪካ ፉትቦል ኳርተርባክ ሆኖ ተጫወተ፤ ኋላም እዚያው ሃያ ሁለት ዓመት አሰለጠነ። የኳርተርባክ ሥራ ኳሱን ተቀብሎ ወይ ወደ ፊት መወርወር ወይ ለሯጭ ማቀበል ነው። ከሁለቱ የትኛው እንደሚመጣ ተጋጣሚው እስካላወቀ ድረስ ጥሩ ሥራ ነው።

ቨርን ክንደ ብርቱ ነበር። ሆኖም ከወንዝ ማዶ ያለውን የሃምፍሪ ቡድን በተጫዋችነቱ አንድም ቀን አላሸነፈም። በአሰልጣኝነቱም ያሸነፈው ሁለቴ ነው፤ ሁለቱንም በዝናብ፣ ጭቃ ላይ።

ዘንድሮ በቆሎው ሲታጨድ ኮሌጁ ቁርጡን ነገረው፦ የመጨረሻውን ጨዋታ ከተሸነፈ ሌላ አሰልጣኝ ይፈለጋል። የመጨረሻው ጨዋታ ከሃምፍሪ ጋር ነው።

ረቡዕ ጠዋት የሜዳ ማስመሪያ ቀለም ሊገዛ ሱቅ ሲገባ ጌለን ቡርክን አገኘው። ጌለን ድሮ የሃምፍሪ ተከላካይ ነበር፤ ቨርንን መሬት ላይ ያነጠፈው ስንት ጊዜ እንደሆነ ሁለቱም አይቆጥሩትም። ዛሬ የበቆሎ ዘር ይሸጣል።

«አንተ ሽማግሌ፣ አሁንም ጣትህን ትልሳለህ?» አለው።

«የምን ጣት?»

«አታሹፍ። ልትወረውር ስትል ትልስ ነበር፤ ልታቀብል ስትል አትልስም። ሦስት ዓመት እኮ በምላስህ ነው የበላንህ።»

ቨርን የቀለሙን ባልዲ አስቀመጠ። «እስከ ዛሬ አትነግረኝም?»

«ታውቃለህ ብዬ ነዋ። አሰልጣኝ አይደለህ እንዴ?»

ቢሮው ገብቶ የዘንድሮ ጨዋታዎችን ቪዲዮ ከፈተ። ኳርተርባኩ ኮልተን ሊወረውር ሲል ጣቱን ይልሳል። የአምናውን ከፈተ፤ ሌላ ልጅ፣ ያው ጣት። የካቻምናውም እንደዚያው። ከማን እንደተማሩት መጠየቅ አላስፈለገውም። «ጣትህን አርጥብ፣ ኳሱ አይከዳህም» እያለ ያሳደጋቸው እሱ ነው። በዝናብ ቀን ግን ጣቱን የሚልስ የለም። ሁለቱ ድሎች ያኔ ገቡት።

ከሰዓት በልምምድ ላይ ኮልተንን ለብቻው ጠርቶ የሆነውን ነገረው።

ልጁ ጣቶቹን አየ። «አሰልጣኝ፣ ያስተማሩኝ እኮ እርስዎ ነዎት።»

«እኔ ነኝ። ጥፋቱም የኔው ነው።»

«ታዲያ ልተወው?»

ቨርን «አዎ» ሊል ነበር፤ ከአፉ መለሰው። «የለም። እንደ ልማድህ ላስ። እኔ ባርኔጣዬን ሳወልቅ ግን ልሰህ ኳሱን ይዘህ ራስህ ሩጥ።»

ቅዳሜ ሰማዩ ጠርቶ ዋለ። ሃምፍሪዎች የኮልተንን ውርወራ እንደ ጓዳቸው ዕቃ ያውቁት ነበር፤ በአራት ነጥብ መሩ። የቨርን ባርኔጣ ከራሱ አልወረደም። ረዳቱ «ምን እስክንሆን ነው የምትጠብቀው?» አለው። ቨርን «አንድ ጊዜ ብቻ ነው የሚሠራው» አለ።

ለአንድ ሙከራ የሚበቃ ሰዓት ሲቀር፣ ነጥብ የሚያስገኘው የመጨረሻ መስመር ስምንት ያርድ ላይ ሳለ፣ ባርኔጣውን አወለቀ። ኮልተን ሦስት ጣቶቹን ተራ በተራ ላሰ። ተከላካዮቹ ውርወራውን ሊጠብቁ ወደ ኋላ ሸሹ። እሱ ኳሱን ብብቱ ሥር ሸጉጦ በከፈቱለት በር ገብቶ መስመሩን አለፈ፤ ያ ስድስት ነጥብ ነው።

ጌለን አጥሩ ጋ ቆሞ ነበር። «ለጨዋታ ያልኩትን ይዘህ ሄድክ፣ አይደል?»

«ሃያ ሁለት ዓመት ዘግይቼ ነው የያዝኩት» አለ ቨርን።

ውሉ ታደሰለት። ሰኞ ግን ከሁሉ በፊት ስልኩን አንስቶ ከዚህ ቀደም ላሰለጠናቸው ሰባት ኳርተርባኮች ደወለ። የመጀመሪያው፣ አሁን የጥርስ ሐኪም የሆነው፣ «አሸነፋችሁ አሉ፣ እንኳን ደስ አለዎት» አለው።

«አሸንፈናል። የደወልኩት ግን ስላንተ ጣት ነው።»