በ«ተመስገን» የተከለከለ መድን

እግዚአብሔርን በማመስገኔ የልጅ ልጄ የጤና መድን ተከለከለች። በደሉ ይኸው ነው፤ ተጽፎ እንዲቀመጥ የምፈልገውም ይኸው ነው።

ልጅቷ ስምንት ዓመቷ ነው፣ አስም አለባት። እናቷ ኢምባካሲ የሚባል ሰፈር መጋዘን ውስጥ ካርቶን ታሽጋለች፤ የልጅቷ ደረት ሲዘጋ ሐኪም ቤት የምሮጠው እኔ ነኝ። መድን ከሌላት ደግሞ ሳይከፈል የሚነካት የለም። ስለዚህ ለችግረኛ ልጆች በቅናሽ በሚሰጠው የመንግሥት መድን ላስመዘግባት ልጅቷን ይዤ እኛው ሰፈር፣ ካሳራኒ፣ ወዳለው ቢሮ ሄድኩ።

መዝጋቢዋ ታብሌቷ ላይ አቀርቅራ፣ ቅናሹ ይገባን እንደሆነ ለማጣራት በአገሩ ቋንቋ፣ በስዋሂሊ፣ ትጠይቀኝ ጀመር።

«የቤታችሁ ግድግዳ ከምንድን ነው?»

«ከድንጋይ።» አንዲት ክፍል ለሦስት መሆናችንን ግን አልጠየቀችም።

«ባለፈው ወር ሳትበሉ ያደራችሁበት ቀን አለ?»

እኔ ባደግሁበት ቤት ለማያውቁት ሰው ተራብን አይባልም። ጦማችንን ብናድርም «ተመስገን፣ ምንም አልጎደለብንም» ነው የምንለው። እሷንም እንደዚያው አልኳት።

«ልጅቷ ብትታመም ማሳከሚያ አላችሁ?»

«እግዚአብሔር ይሰጣል።»

«አላቸው» የሚለውን ነካች። ልጅቷ አጠገቤ ቆማ ደረቷ ያፏጫል፤ መዝጋቢዋ አንዴም ቀና አላለችም። ታብሌቱም ካላቸው ሰዎች መደበንና ቅናሹ እንደማይመለከተን ተነገረኝ።

በማግስቱ ተመልሼ ሄድኩ።

«ሾሾ፣ የተናገሩት እኮ እርስዎ ራስዎ ነዎት» አለችኝ። እዚህ አያትን የሚጠሩት እንደዚያ ነው።

«እኔ ፈጣሪን አመሰገንኩ እንጂ ሀብቴን ቆጠርኩልሽ?»

ከኋላዬ የተሰለፈች ሴት ሰምታ ኖሮ፣ «ባለጸጋዋ ሾሾ፣ ተራውን ይልቀቁልን!» አለች።

«ሾፌሬ ከኪሌሌሽዋ እስኪመጣ ታገሺኝ» አልኳት፣ የሀብታሞቹን ሰፈር ጠርቼ። ሰልፉ በሳቅ ፈረሰ። እኔ አልሳቅኩም።

ለሦስተኛ ጊዜ ሄጄ ነገ ተባልኩ። በአራተኛው ቀን ልጅቷን ይዤ የኃላፊው በር ላይ ተቀመጥኩ። ሲወጣ መንገዱን ዘጋሁበት።

«ድሃ ሰው ልጁን ለማሳከም በሰው ፊት መዋረድ አለበት? መጥታችሁ ቤቴን እዩ፣ ይችን ልጅ እዩ! አፌን ብቻ ምን ትመዝናላችሁ?»

ሰውየው የልጅቷን አተነፋፈስ አዳመጠ። ከዚያ ወደ ውስጥ አስገባን፣ ወንበር ሰጠን፣ ታብሌቱን አስመጣ።

«ሾሾ፣ ሁሉንም ከመጀመሪያው እንሞላዋለን» አለኝ። «ፈጣሪን ስንጨርስ ያመሰግኑታል፤ አሁን ለእኔ ያጡትን ብቻ ይንገሩኝ።»