አባቴ የማይፈራት እስስት

ልጅ እያለሁ ቤታችን እንደ ሰው ቤት አይሸትም ነበር። ወልድያ ካለው ቤታችን በር ላይ ገና ጫማ ስናወልቅ ሎሚ የመሰለ ኮምጣጣ ሽታ አፍንጫችንን ይቀበለው ነበር፤ የጉንዳን ሽታ ነው። አባቴ በባዶ የማር ጠርሙስ ጉንዳን ያረባ ነበር። የመንግሥት ሠራተኛ ነው፤ ሌላው አባት ከቢሮ ሲመለስ ጋደም ሲል የእኔ አባት ስኳር በጥብጦ፣ ጥጥ ነክሮ ጉንዳኖቹን ያጠጣል። ተንጠላጥለው እንዳይወጡ የጠርሙሱን አፍ ዘይት ይቀባዋል። የመጀመሪያው የክረምት ዝናብ በጣለ ማግስት ደግሞ እኔንና ታናሽ ወንድሜን አንዋርን አስከትሎ፣ ክንፏን የጣለች እናት ጉንዳን ፍለጋ መሬት ለመሬት ያንደፋድፈናል። ጎረቤት ቆሞ ይስቅብን ነበር።

ጉንዳን ማርባት የጀመረ ሰው ታዲያ ጉንዳን ላይ አይቆምም። ለጉንዳኖቹ ቀለብ ብለን ፌንጣ ያዝን፤ ፌንጣው አሳዘነንና ለብቻው ቤት ተሠራለት። ጢንዚዛ መጣ፣ ቀንድ አውጣ መጣ፣ ጓሮ ቁልቋሉ ሥር ኤሊ ገባች። እናቴ "የነቢዩ ኑህን መርከብ እኮ አደረጋችሁት፤ እኔን የት ልትጥሉኝ ነው?" እያለች ታሾፍብን ነበር።

በመጨረሻ የመጣችው እስስቷ ናት። አባቴ ከሲሪንቃ ሲመለስ መንገድ ዳር ልጆች በድንጋይ ሲወግሯት ደርሶ በባርኔጣው ይዟት መጣ። እኛ አገር እስስት ትፈራለች፤ ገደ ቢስ ናት፣ የገባችበት ቤት አይበጀውም ይባላል። አባቴ ግን መዳፉ ላይ አውጥቶ "ይኸው፣ ምን አደረገችኝ? የሚፈሯት ስለማያውቋት ነው" አለን። እኔ አመንኩት። አንዋርማ ትከሻው ላይ አድርጓት ይውል ጀመር።

ከዚያ ጦርነቱ መጣ። ከተማው ላይ ከባድ መሣሪያ መውደቅ ሲጀምር፣ ግራና የምትባል የገጠር ከተማ አካባቢ ወደሚኖሩት የአባቴ ዘመድ ወደ አያ እንድሪስ ቤት ሸሸን። ጠርሙሶቹንም ኤሊዋንም ጥለን ስንወጣ አንዋር እስስቷን ካልያዝኩ ብሎ የበሩን እጀታ አልለቅ አለ፤ በዘንቢል ያዝናት። መንገድ ላይ አንድ ጥይት፣ የከባድ መሣሪያ ጥይት፣ ከኋላችን ወድቆ ምድሩን አናወጠው። ከዚያ በኋላ አንዋር ሰው ማነጋገር ተወ። እናቴን እንኳ በእጁ እያመለከተ ነበር የሚጠይቃት። የሚያወራው ዘንቢሉን አቅፎ፣ አፉን አስጠግቶ፣ ከእስስቷ ጋር ብቻ ነበር። ምን እንደሚላት አይሰማንም። እናቴ ግን ሹክሹክታውን በሰማች ቁጥር "አልሐምዱሊላህ" ትላለች፤ ልጇ ድምፁ አልጠፋም ማለት ነዋ።

የአያ እንድሪስ ቤት ከመርሳ ከተማ በሸሹ ሰዎችም ተጨናንቆ ነበር። ከእነሱ አንዷ እትዬ ሰዓዳ ሕፃን ልጇን ትኩሳት ይዞባታል፤ መድኃኒት የለም፣ ሐኪም የለም። የቤቱ ሰው ሁሉ ዓይን ቀስ በቀስ ዘንቢሉ ላይ አረፈ። እስስቷ በተለይ ከባድ መሣሪያ በሚተኮስበት ቀን እንደ ከሰል ትጠቁር ነበር።

"ተመልከቱ፣ ቀድማ እኮ ነው የምትጠቁረው" አለች እትዬ ሰዓዳ። "እሷ ስትጠቁር ነው የሚተኮሰው። ልጄም የታመመብኝ እሷ ከገባች ወዲህ ነው።"

አባቴ ረጋ ብሎ አስረዳት። የመሬቱ ንዝረት ለእሷ ከእኛ ጆሮ ቀድሞ ይደርሳታል፣ ስትደነግጥ ትጠቁራለች፣ እንደ እኛው ፈርታ ነው አለ። ማንም አልሰማውም። አያ እንድሪስ "የአላህ ፍጡር ናት፤ እኔ ውጪ አልላትም። እናንተው ተስማሙ" ብለው ወደ ማሳቸው ወጡ። በነጋታው የእትዬ ሰዓዳ ባል ከሌሎች ወንዶች ጋር ሆኖ፣ ወይ እስስቷ ትሙት ወይ እናንተ ልቀቁ ብሎ አባቴን ያዘው። አባቴ ርቄ ሄጄ ልልቀቃት ቢል፣ ትመለሳለች፣ ስትሞት በዓይናችን እንይ አሉት።

አባቴ ዘንቢሉን አንጠልጥሎ ከማሽላው ጀርባ ሄደ። ወንዶቹ ተከተሉት፤ እኔም ተከተልኩ። ድንጋይ ላይ አስቀመጣት። ከመዳፉ መውረድ አልፈለገችም፤ ጣቱን ጨብጣ ነበር፣ አላቀቃት። ከዚያ ሌላ ድንጋይ አነሳ። ጭንቅላቷ ላይ አወረደው። ሲጨርስ እጁን በሣር ጠረገና ወደ አንዋር መጥቶ "ዛፍ ላይ ለቀቅኳት፤ ደስ ብሏት ወጣች" አለው። አንዋር ተነስቶ ሄደ፤ ከማሽላው ጀርባ ፈልጎ ሬሳዋን አገኘው። ከዚያ ቀን ጀምሮ ያቺ ሹክሹክታም ጠፋች።

በማግስቱ ከባድ መሣሪያው እንደወትሮው አጓራ። የሕፃኑም ትኩሳት አልበረደም፤ ቀናት ቆይቶ በራሱ ጊዜ ለቀቀው። ከዚያ ሁሉ ሰው አንድ እንኳ "ተሳስተን ነበር" ያለ የለም። እኔ ልናገር ስል እናቴ ክንዴን ቆንጥጣ "የሰው ቤት ነው ያለነው፤ ዋጥ አድርጊው" አለችኝ። ዋጥኩት። ይኸው እስከ ዛሬ አልወረደልኝም።

እትዬ ሰዓዳን ይቅር ብያታለሁ፤ ልጇ በእቅፏ እየነደደ ነበር። መሣሪያ በተኮሱብን ሰዎች ደግሞ ከአገሩ ሰው ሁሉ ጋር እናደዳለሁ። በአባቴ የተናደድኩት ግን ብቻዬን ነው። እሱ ያውቅ ነበር። እንዳንፈራት ያስተማረን ራሱ ነው። እናንተን ዝናብ ላይ ላለመጣል ብሎ ነው ይሉኛል፤ ይገባኛል፣ የምሄድበት የለኝም ነበር ቢለኝም ይገባኛል። ግን ለአንዋር ለምን ዋሸው? አንድ ቀን እንኳ አጠገቡ ቁጭ ብሎ "ልጄ፣ እኔ ነኝ" ማለት ምን ነበረበት?

ወደ ወልድያ ስንመለስ ቤቱ ተዘርፎ ጠበቀን፤ ጠርሙሶቹ ተሰባብረው ያ ኮምጣጣ ሽታም ጠፍቶ ነበር። አንዋር ቀስ በቀስ አፉን ፈታ፤ ዛሬ ከጓደኞቹ ጋር ሲያወራ ዝም የሚያሰኘው የለም። አባቴ እንግዳ በመጣ ቁጥር "የሄደው ዕቃ ነው፤ ከቤታችን የጎደለ የለም" ይላል። እኔ ጥርሴን ነክሼ ከሳሎኑ እወጣለሁ።

ድሮ አንዋር አንዲት ጢንዚዛ ሲያገኝ እፍኙን ጨብጦ፣ ግቢውን አቋርጦ እየሮጠ፣ ከማንም በፊት የሚያሳየው ለአባቴ ነበር። ባለፈው ከዩኒቨርሲቲ ለዕረፍት ስመጣ ቤት ስጠርግ የአንዋር አልጋ ሥር ጎኑ በሚስማር የተበሳሳ የጫማ ካርቶን አገኘሁ። ከፈት ባደርገው እርጥብ ቅጠል ላይ አንዲት ትንሽ እንቁራሪት ተቀምጣለች። አንዋር ሮጦ መጥቶ ካርቶኑን ከእጄ ነጠቀኝ።

"ለአባዬ እንዳትነግሪው" አለኝ፤ "ይገድላታል።"

አባቴ ሳሎን ተቀምጦ ነበር። ግድግዳው ስስ ነው፤ የሰማ ይመስለኛል። እንዲሰማም ፈልጌ ነበር።